«በዘራችን የለም» የምትባል ማምለጫ

«በዘራችን ካንሰር የለም» የምትለዋን ነገር መቼም ሳትሰሟት አትቀሩም። ሲጋራውን ለኩሶ፣ ጭሱን ወደ ላይ ለቀቅ አድርጎ «አያቴ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ሲያጨስ ኖሮ ነው የሞተው» የሚል ወዳጅ የሌለው ማን ነው? በሌላ በኩል ደግሞ አባቱን በፊኛ ካንሰር አጥቶ «ከዘር ከመጣ ምን አደርጋለሁ?» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ አለ። የመጀመሪያው ዘሩን ጋሻ፣ ሁለተኛው ዘሩን ፍርድ አድርጎታል። እኛ ደግሞ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን።

ዘር ድርሻ የለውም አንልም። ወላጁን፣ ወንድሙን ወይም እህቱን የፊኛ ካንሰር የያዘበት ሰው ሥጋቱ ከሌላው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ግን ምን ተወረሰ? በደንብ ከተጠኑት ውርሶች አንዱ መርዝ የማምከን አቅም ነው። ናት 2 የሚባለው ጂን የሚያሠራው ኢንዛይም ጉበታችን ውስጥ አለ። አይሶናያዚድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት የሚያመክነው እሱ ነው። አንዱ ሰው ኢንዛይሙ ፈጣን፣ ሌላው ቀርፋፋ ሆኖ ይወለዳል። ከአውሮፓውያን ግማሽ ያህሉ ቀርፋፋዎች ናቸው። ይኸው ኢንዛይም በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉትን አሮማቲክ አሚን የተባሉ መርዞችም ያመክናል። ቀርፋፋው ሰው ዘንድ መርዙ በደንብ ሳይመክን ወደ ሽንት ይወርዳል። ፊኛ ደግሞ ሽንትን ለሰዓታት ይዞ የሚቆይ ከረጢት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ የስፔን ጥናት 1150 ሕሙማንን ካልታመሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ቀርፋፋዎቹ ሥጋታቸው በ40 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ታዲያ በማን ላይ? በአጫሾቹ ላይ! አጭሰው በማያውቁት ላይ ቀርፋፋነቱ ያመጣው ጣጣ አልታየም። ደረቅ ሣር ብቻውን አይነድም፤ ክብሪት የሚጭር ያስፈልገዋል። ጂ ኤስ ቲ ኤም 1 የተባለው ጂን የሌላቸው ሰዎች ግን ሳያጨሱም ሥጋታቸው ጨምሯል፤ ይሄን አንደብቅም። ቢሆንም ማጨስ ብቻውን ሥጋቱን ወደ ሦስት እጥፍና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ዘር ላይ ማላከክ ለሌሎችም ይመቻል። ሉድቪግ ሬን የተባለው ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1895 በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ ማየቱን ተናገረ። በ1938 ዊልሄልም ሁፐር ከቀለም ፋብሪካ ኬሚካሎች አንዱ ውሾችን የፊኛ ካንሰር እንደሚያሲዝ አሳየ። ከዚያ በኋላ «ፋብሪካውን እናጽዳ» ማለት ሲገባ «ጂኑ ደካማ የሆነውን ሠራተኛ አንቅጠር» የሚል ሐሳብ ብቅ አለ። አሜሪካ በ2008 ቀጣሪዎች በጂን መረጃ ሰው እንዳይመርጡ በሕግ መከልከሏ በከንቱ አይደለም። መርዙን ትቶ የተመረዘውን ሰው ዘር መመርመር ምን የሚሉት ፍትሕ ነው?

ወደ እኛም አገር ስንመጣ ያው ነው። ቆላማ በሆኑት የመካከለኛው አዋሽና የኩርሙክ አካባቢዎች የሽንት ቢልሃርዝያ አለ። ለዓመታት ሳይታከም ከቆየ ለፊኛ ካንሰር እንደሚዳርግ የታወቀ ነው። እዚያ ሽንቱ ደም የሚሆን ልጅ በሽታውን ከአያቱ አልወረሰም፣ ከውኃው ነው ያገኘው። መድኃኒቱም ፕራዚኳንቴል ነው። ከተማ ላለነው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አለልን፤ ዝግ በሆነ ሕዝባዊ ቦታ ማጨስን ይከለክላል። ቤቱ ጭስ በጭስ ሲሆን ዝም የምንለው እኛው ነን። ጎናችን የተቀመጠችው ልጅ ጂኗ ቀርፋፋ ይሁን ፈጣን ማን መርምሯት ነው የምናጨስባት?

ስለዚህ ወዳጆቻችን፣ ጂናችሁን መለወጥ አትችሉም፤ ሲጋራውን ማጥፋት ግን ትችላላችሁ። ሽንታችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ባያማችሁም፣ አንድ ቀን ታይቶ ቢጠፋም፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በተለይ ወንዶች፣ ይሄ በሽታ እናንተን ከሴቶቹ በሦስትና በአራት እጥፍ ያጠቃል። «በዘራችን የለም» ብላችሁ የምትቆዩበት እያንዳንዱ ወር የሚጠቅመው ዕጢውን ነው።

ቸር ይግጠመን!