ዝምታም ይሸጣል

«የአሜሪካ ዲሞክራሲ በዶላር ተሸጦ ያለቀ ዕቃ ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከእነርሱም መካከል የአሜሪካ ዜግነት ወስደው ዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖሩ፣ የምርጫ ቀን ሲደርስ ግን «ባለ ገንዘቦቹ ይጨርሱት» ብለው ከቤት የሚቀሩ አሉ። ክሳቸው እውነትነት አለው። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም።

በቅድሚያ እውነቱን ልስጣቸው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2024 አንድ ዜጋ ለአንድ የፌዴራል ዕጩ በየምርጫው በቀጥታ መስጠት የሚችለው ከ3,300 ዶላር አይበልጥም ነበር። ይህ የፊት በሩ ነው። የጓሮው በር ወለል ብሎ የተከፈተው በ2010 ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ከዕጩው ጋር እስካልተመካከሩ ድረስ ለቅስቀሳ የፈለጉትን ያህል እንዲያወጡ ፈቀደ። ወዲያውም «ሱፐር ፓክ» የሚባሉት የቅስቀሳ ድርጅቶች መጡ። ለእነርሱ የሚሰጥ ገንዘብ ጣሪያ የለውም። ኢሎን መስክ በ2024 ዶናልድ ትራምፕንና ፓርቲያቸውን ለመደገፍ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፈሰሱ። ውሻ በበላበት ይጮኻልና፣ ተመራጩ የማንን ስልክ ፈጥኖ እንደሚያነሣ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው? ማስታወቂያና ቀስቃሽ ይገዛል። ማይክል ብሉምበርግ በ2020 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ከኪሳቸው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር አውጥተው ያሸነፉት በትንሿ የአሜሪካ ሳሞዋ ብቻ ነበር! ገንዘብ የሚሠለጥነው መራጩ ጥቂት ሲሆን ነው፤ ጥቂቱን ማባበል ይረክሳልና። በ2014ቱ የምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሰጠው መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ከመቶ 37 ያህሉ ብቻ ነበር። የቀረው እቤቱ ተቀምጦ ለባለ ገንዘቡ ገበያውን አረከሰለት።

ሕዝቡ ሲወጣስ? በኤፕሪል 2025 ዊስኮንሲን ውስጥ ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ሲመረጥ፣ መስክና የሚደግፏቸው ድርጅቶች ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰከሱ፤ በስብሰባ መሐል የ1 ሚሊዮን ዶላር ቼክ እስከ ማደል ደረሱ። ሕዝቡ ግን ለዳኛ ምርጫ ባልተለመደ ብዛት ወጣ። መስክ የደገፏቸው ዕጩ በ10 ነጥብ ገደማ ተሸነፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ከቤት የቀረው ሁሉ ሰነፍ ነው አልልም። የፕሬዚዳንት ምርጫ በማክሰኞ እንዲሆን የተደነገገው በ1845፣ ገበሬው በጋሪ በሚጓዝበት ዘመን ነው። ዛሬ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛ ማክሰኞ ሥራውን ጥሎ ቢሰለፍ ከደመወዙ ሊጎድልበት ይችላል። ይህ ሊሻሻል ይገባል። ነገር ግን ሕግ የሚያሻሽለው ተመራጭ ነው፤ ተመራጩም የሚፈራው ወጥቶ የሚመርጠውን ነው።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ገንዘቡ አስቆጥቷችሁ ከሆነ ቁጣችሁን ይዛችሁ በመጪው ምርጫ ተሰለፉ። ቤት መዋላችሁን ባለ ገንዘቡ እንደ ተቃውሞ አይቆጥረውም፤ ያለ ዋጋ ያገኘው ትርፍ ነው።