የመልስ ዋጋው ስንት ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን የጥያቄና መልስ ውድድር ቴሌቪዥን ይዞት የመጣ ነገር አይደለም። ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እያልን ያደግን ሁሉ እናውቀዋለን። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ደግሞ አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። በዚህ ጨዋታ ጎጃምንም፣ ጎንደርንም፣ ሸዋንም በአንድ ማታ ጠቅልሎ የተኛ ሕፃን ስንቱ ነው! ጠዋት ሲነሣ ግን ያው ከብት ጥበቃ ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ እዚሁ ሰባታሚት በዶርማችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የአሜሪካ የጥያቄና መልስ ፕሮግራም በስልኩ እያሳየን «ይኼ ሰውዬ መልስ በመመለስ ብቻ ሚሊየነር ሆነ፤ እኛ ሌሊቱን ሙሉ አጥንተን የምናገኘው ሲ ነው» አለ። ሌላው «አገሩ ነዋ!» ብሎ መለሰለት። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማለት የምፈልገው፣ የሰውየው ታሪክ በደንብ ከታየ ሌላ ነገር ያስተምረናል ነው። መልስ ማወቅ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ እንጀራ የሚሆነው መልሱን ካወቁ በኋላ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ሰውየው ኬን ጄኒንግስ ይባላል። ሶልት ሌክ ሲቲ በምትባል ከተማ የሚኖር የሶፍትዌር መሐንዲስ ነበር። የቀረበበት ፕሮግራም ጄፓርዲ ሲሆን የተጀመረው በ1964 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። በጄፓርዲ አንድ ሰው 5 ጊዜ ካሸነፈ «በቃህ» ተብሎ ይሰናበት ነበር። በ2003 ይህ ገደብ ተነሣ። በዓመቱ፣ በ2004፣ ጄኒንግስ ብቅ አለና ከጁን እስከ ኖቬምበር በተላለፉት ዝግጅቶች 74 ጊዜ ተከታትሎ አሸነፈ። ያገኘው ገንዘብ 2,520,700 ዶላር ነው። ለ74 ቢካፈል በአንድ ድል 34,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል።

በ75ኛው ጨዋታ የተሸነፈበት ጥያቄ ግን ይገርማል። ጥያቄው፣ ከ70,000 ጊዜያዊ የቢሮ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ በዓመት 4 ወር ብቻ የሚሠሩለት ድርጅት ማን ነው የሚል ነበር። መልሱ ኤች ኤንድ አር ብሎክ የተባለው፣ የሰዎችን ግብር እያሰላ የሚሞላው ድርጅት ነው። ጄኒንግስ «ፌዴክስ» ብሎ ተሳሳተ። ሚሊዮን ዶላር ያፈሰ ሰው በግብር ጥያቄ ወደቀ! በአሜሪካ ሕግ የውድድር ሽልማት እንደማንኛውም ገቢ ግብር ስለሚከፈልበት፣ ሰውየው ያሸነፈው ገንዘብ በሙሉ ኪሱ እንዳልገባ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ የተገኘው በእውቀት ብቻ ነው ወይ? አይደለም። አንደኛ፣ የ5 ጊዜው ገደብ በ2003 ባይነሣ ኖሮ በሳምንቱ ይሰናበት ነበር። ሁለተኛ፣ በጄፓርዲ ተወዳዳሪው ጥያቄው ተነቦ እስኪያልቅ ጠብቆ ቁልፍ ይጫናል፤ ቀድሞ የተጫነ ለቅጽበት ይታገዳል። መልሱን ሦስቱም ቢያውቁት የሚናገረው ጣቱ በጊዜው የደረሰው ነው። ሦስተኛ፣ ውርርድ አለበት። ጄምስ ሆልዛወር የተባለ፣ ላስ ቬጋስ የሚኖርና በስፖርት ውርርድ የሚተዳደር ሰው በ2019 ቀርቦ 32 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 2,462,216 ዶላር ወስዷል። ከጄኒንግስ ድሎች ግማሹን እንኳ ሳያሸንፍ ገንዘቡን ሊደርስበት ምንም አልቀረውም። ልዩነቱ ሆልዛወር ትልቅ ገንዘብ ማስያዝ ያውቅበት ስለነበር ነው።

በዚያ ላይ የተሸነፉትን ማን ያስታውሳቸዋል? ጄኒንግስ በእነዚያ ወራት ወደ 150 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ተጫውቷል። በዚያን ጊዜ ሁለተኛ የወጣ 2,000፣ ሦስተኛ የወጣ 1,000 ዶላር ይዞ ነበር የሚሄደው። ከእነርሱ መካከል ስንቱ ጎበዝ፣ ስንቱ የተማረ ነበር! አንድ ሰው ሲከብር እያየን ስለ ትርፉ ስናወራ፣ ባዶ እጃቸውን ሊባል በሚችል ሁኔታ የተመለሱትን መርሳት የለብንም።

ታዲያ ጄኒንግስ ሃያ ዓመት ሙሉ በምን ኖረ ቢባል፣ በሥራ ነው። በ2006 ስለ ጥያቄና መልስ ዓለም መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ሌሎች መጻሕፍት ጻፈ። በ2020 ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ጋር ተጋጥሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ጨመረ። ፕሮግራሙን ከ1984 ጀምሮ የመራው አሌክስ ትሬቤክ በኖቬምበር 2020 ሲያርፍ፣ በእንግድነት ለመምራት ከተጠሩት መካከል እሱ ነበረበት። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ዋናውን ፕሮግራም ብቻውን ይመራል። ልብ በሉ፣ ዛሬ የሚከፈለው መልስ ስለሚያውቅ አይደለም፤ መልሱማ ወረቀቱ ላይ ተጽፎለታል። የሚከፈለው አንደበቱ ስለተገራ፣ መጻፍና ሰው ማክበር ስለሚችልበት ነው።

የመልስ ብቻ ዋጋ ምን ያህል እንደረከሰ ደግሞ 2011 አሳይቶናል። አይ.ቢ.ኤም. ዋትሰን የተባለ ኮምፒውተር ሠርቶ ከጄኒንግስና ከብራድ ራተር ጋር አጋጠመው። ራተር በዚሁ ፕሮግራም ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያሸነፈ ሰው ነው። ውጤቱ ዋትሰን 77,147፣ ጄኒንግስ 24,000፣ ራተር 21,600 ሆነ። ዛሬማ በኪሳችን ያለው ስልክ የየትኛውን አገር ዋና ከተማ አይነግረንም? የመልስ ገበያ እንደ ቲማቲም ገበያ ወርዷል ማለት ነው።

ሁለት ሰዎችን ልጨምር። ቻርለስ ቫን ዶረን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ከ1956 እስከ 1957 ትዌንቲ ዋን በተባለ ፕሮግራም 129,000 ዶላር አሸነፈ። አገር ሙሉ «ምሁር ማለት ይህ ነው!» አለለት፤ በቴሌቪዥን ጣቢያውም ሥራ ተሰጠው። በ1959 ግን በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ መልሶቹ ቀድመው ይሰጡት እንደነበር ተናገረ። የመምህርነቱንም የቴሌቪዥኑንም ሥራ አጣ። በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ ያለውን ማጭበርበር የሚከለክል ሕግ ወጣ። ኩረጃን እንደ ብልሃት የምናይ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ብናስብበት ጥሩ ነው።

ሌላው የእኛን ኑሮ የሚመስል ኑሮ የነበረው ነው። በሕንድ ቢሃር ግዛት የሚኖረው ሱሺል ኩማር በወር 6,000 ሩፒ ገደማ የሚያገኝ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር። በ2011፣ የፊልሙ ሰው አሚታብ ባችቻን በሚመራው ፕሮግራም 50 ሚሊዮን ሩፒ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በ2020 ራሱ ጽፎታል። ስጠኝ የሚለው ሰው በዛ፤ ብዙዎች አታለሉት፤ ትምህርቱ ተበላሸ፤ ከሚስቱ ጋር መጣላት፣ መጠጥና ሲጋራ መጣ። ሰላም ያገኘው መጠጡንና ሲጋራውን ትቶ ወደ ማስተማርና ዛፍ ወደ መትከል ሲመለስ ነው። እስቲ አስቡት፣ 50 ሚሊዮን ያልሰጠውን ሰላም ችግኝ ሰጠው!

ይህ ሁሉ ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ 8ኛ ክፍል ነው። በወላጆች ቀን በሚደረገው ጥያቄና መልስ ማንም አይችለውም፤ መዝገበ ቃላትና ደብተር ተሸልሞ ነው የሚመጣው። አጎታችን ይህን አይተው «ይህ ልጅ አዲስ አበባ ተልኮ ቴሌቪዥን ላይ ቢወጣ ቤቱን ሁሉ ያነሣል» ይላሉ። ባለፈው ክረምትማ ወይፈኑን ሸጠን እንላከው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። እንግዲህ ወይፈኑ የመጪው ዓመት እርሻችን ነው። «ጋሼ፣ ወይፈኑ ይቆይዎት፤ ልጁም ይማር» ብዬ ለመንኋቸው። «ታዲያ ይህ ሁሉ ማወቁ ምን ሊረባው ነው?» አሉኝ። እናቴም ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ወይፈኑ አልተሸጠም፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው።

የአጎቴ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልስም ይፈልጋል። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው። የጣና ዓሣ አጥማጅ መረቡን እምቦጭ ሲይዝበት «እምቦጭ መቼ ታየ? የመጣውስ ከየትኛው ክፍለ ዓለም ነው?» ብሎ መጠየቅ የውድድር ጥያቄ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ነው ያለ ልጅ አንድ ነጥብ ያገኛል። «ይህ አረም ለምን በዚህ ፍጥነት ይበዛል? ከእርሻችን ታጥቦ ሐይቁ የሚገባው ማዳበሪያ ምን ያደርግለታል? ምንስ ይሻላል?» ያለ ልጅ ግን ሙያ ጀመረ ማለት ነው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ያውቃል፤ ሁለተኛው ላይ እንዲደርስ 8ኛ ክፍልን ማለፍ፣ ከዚያም ብዙ ዓመት መማር አለበት። የጎጃም ቅኔ ቤትም ይህን ያውቅበታል። ተማሪው ቃል በማጥናት ብቻ አያበቃም፤ ራሱ ቅኔ መቁጠርና መዝረፍ አለበት። አዲስ ነገር ካላፈለቀ «ይበል!» የሚለው የለም።

ውድድር ይቅር አልልም። ወንድሜን መጽሐፍ ያስወደደው ውድድር ነው። የምቃወመው ውድድርን እንደ ሎተሪ ማየትን ነው። በዶርማችን የስልክ መልእክት ጥያቄ እየመለሱ መኪና የሚጠብቁ ልጆች አሉ። በቀን 2 ብር ቢሄድ በወር 60 ብር፣ በ10 ወር 600 ብር ነው። ከቤት በሚላክ ገንዘብ ለሚኖር ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እዚያ ደግሞ የሚጠየቀው ጥያቄ ማንም የሚመልሰው ነው፤ መኪናው የሚወጣው በዕጣ ነው። ይህን እውቀት ብለን መጥራት ራሳችንን ማታለል ነው።

ስለዚህ ዲፓርትመንታችን በየዓመቱ ስለሚያዘጋጀው ውድድር ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከጥያቄዎቹ ግማሹ «ለምን» እና «እንዴት» የሚሉ ይሁኑ፤ ተወዳዳሪውም ቆሞ ያስረዳ። ሁለተኛ፣ ሽልማቱ ለአንድ ሰው ብቻ አይሁን፤ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትም መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ። ሦስተኛ፣ አሸናፊው በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ አውጪና መድረክ መሪ ይሁን፤ በአቅራቢያችን ላሉ ትምህርት ቤቶች ልጆችም ያዘጋጅላቸው። ጄኒንግስን ያኖረው ይኸው መጻፍና መድረክ መምራት አይደል? ይህን ለማድረግ ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም፤ ጠመኔና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ እኔም አነባለሁ። እስከዚያው ግን ጎበዝ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ሁሉ፣ መልስ ሲመልሱ ካጨበጨባችሁላቸው በኋላ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ቸር ያሰንብተን!