ከአምስት ሺው ብር ላይ የጎደለው

ጊዜው ኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ የኳታር የዓለም ዋንጫ ሰሞን ነው። በመተማ ቆላ ሰሊጡ ታጭዶ ተራግፎ፣ ሠራተኛውም ሒሳቡን ተቀብሏል። ገንዳ ውኃ የምትኖረው እህቴ በማታ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ ልጄን ዘረፉብኝ! በኳስ ውርርድ አምስት ሺህ ብር በልቶ 4,250 ብቻ ሰጡት» አለችኝ።

ልጁን አቅርቢልኝ አልኳት። 23 ዓመቱ ነው።

«ጋሼ፣ 750 ብር ቆረጡብኝ» አለ በተራው።

እንዳልተዘረፈ ነገርኩት። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ1,000 ብር በታች ያሸነፈ አይከፍልም ነበር። ከዚያ ከፍ ካለ ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅት ግብሩን አስቀድሞ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። የሎተሪ ዕጣም በዚሁ ደንብ ነው የሚገዛው። የአምስት ሺህ ብር 15 በመቶ 750 ነውና ሒሳቡ ልክ ነው።

«ለመሆኑ ይህን እስክታገኝ በስንት ብር ቲኬት ቆረጥክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። ከአጨዳ ካመጣው ገንዘብ 6,300 ብር በቲኬት ሄዷል። ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ መግዣ የታሰበ ገንዘብ ነበር። እህቴ ይህን የሰማችው ያን ማታ ነው።

ብዙ ወላጅ የማያስተውለው እዚህ ላይ ያለውን ነው። የሰሊጥ ነጋዴ መዝገብ ከያዘ፣ የጆንያውንና የጭነቱን ወጪ ቀንሶ በትርፉ ላይ ግብር ይከፍላል። ተወራራጅ ግን የሚከፍለው ባሸነፈው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ነው። የተቃጠሉት ቲኬቶች አይቀነሱለትም። የእህቴ ልጅ 6,300 አውጥቶ 4,250 አስገባ፤ 2,050 ብር ከስሮ ሳለ 750 ብር ግብር ከፈለ። ግብሩ ባይኖር እንኳ 1,300 ብር ይጎድለው ነበር። እናት የተቆጣችው በ750ው ነው፤ ቆርቆሮውን የበላው ግን ቲኬቱ ነው።

ልጁ ግን ሌላ ዘዴ ሰምቷል። «ግብር የማይቆርጥ የስልክ ቁማር አለ ይላሉ ጓደኞቼ» አለኝ።

ከእነዚህ የስልክ ቁማሮች ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን የሚያወጡት ከሩቅ ደሴቶች ነው። ኩራሳዎ በካሪቢያን ባሕር፣ ማልታ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይገኛሉ። እንደ መተማ ሜዳ ሰፊ እርሻ የላቸውም። ስለዚህ ለቁማር ድርጅቶች ፈቃድ መስጠትን አንድ የገቢ ምንጭ አደረጉት። ሌላዋ የካሪቢያን ደሴት አገር አንቲጓና ባርቡዳ፣ ይህን ገበያ ዘጋሽብኝ ብላ በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ያህል አገር በዓለም ንግድ ድርጅት እስከ መክሰስ ደርሳለች፤ ተፈርዶላታልም። ለእነሱ እንጀራቸው ነው። ከድርጅቶቹ የፈቃድ ክፍያና ግብር ይሰበስባሉ፤ ድርጅቶቹ ደግሞ የሚኖሩት ተጫዋቹ በሚያጣው ገንዘብ ነው።

«ብታሸንፍና አንከፍልም ቢሉህስ?» አልኩት። «አቤት የምትለው ለማን ነው? የገንዳ ውኃ ፍርድ ቤት መጥሪያ ኩራሳዎ አይደርስም።»

ወላጆችና አያቶች፣ ልጅ በውርርድ መግባቱን ስትሰሙ ከቁጣው በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። በአንድ በኩል የወጣውን፣ በሌላ በኩል የገባውን ራሱ ይጻፈው። ያሸነፈበትን ቀን ሁሉም ያወራል፤ የተበላበትን ቀን የሚያስታውስ ግን የለም። ከልጃችሁ ጋር ስትቀመጡ የምትፈልጉት ያን የተረሳ ቁጥር ነው። ሲነግራችሁም አትሳደቡ፤ ከተሰደበ ሌላ ጊዜ ይደብቃል።

እህቴ ከዚያ በኋላ ልጁን የሰፈር እቁብ አስገባችው። እቁብም ዕጣ አለው። ነገር ግን ዕጣው የሚወስነው ተራን ብቻ ነው፤ ቀድሞ የደረሰውም መጨረሻ የደረሰውም የጣለውን ያህል ያነሣል። ልጁ ውርርዱን ጨርሶ ተወ አልላችሁም። የእቁቡ ቀን እሑድ በመሆኑ ግን፣ ቅዳሜ ማታ ኪሱን ሳይቆጥር አይወጣም። ቆርቆሮውም ክረምቱ ሳይገባ ተመታ።