የኩርሙክ ግፊት በጤና ኬላ ይያዝ

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስዊዝ ቦይ መራራ ሐይቅ ላይ መልሕቋን በጣለች የጦር መርከብ ውስጥ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ጃንሆይ የባሕር በር ጉዳይ ይዘው ነበር የሄዱት። የተቀበሏቸው ሰው ግን ብርቱ የደም ግፊት ሕመምተኛ ነበሩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሞቱ። የዚያን ዕለት ግፊታቸው 300 በ190 ነበር። ሐኪሞቻቸው ጨው ከመከልከልና ዕረፍት ከማዘዝ ባለፈ ግፊቱን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያወርድ መድኃኒት አልነበራቸውም።

ዛሬ አለ። አምሎዲፒን በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ ዋጋውም የማይከብድ ኪኒን ነው። የሚያሳስበው ነገር ከአሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ሱዳን ድንበር ላይ በምትገኘው ኩርሙክ የሚኖር ሰው በየወሩ ሳይቋረጥበት ያገኘዋል ወይ የሚለው ነው።

ኩርሙክ ስትሮክን ጠብቆ ለማከም የሚመች ቦታ አይደለም። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት መሰጠት ያለበት ሕመሙ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም ጭንቅላት ውስጥ ደም አለመፍሰሱ በሲቲ ስካን ከታየ በኋላ። አዲስ አበባ ከአሶሳ ራሷ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እንግዲህ ለቆላው ሰው የሚያዋጣው ቀድሞ መለካት ነው።

መለካቱ ደግሞ የግድ ሐኪም አይፈልግም። ቻይና ውስጥ በ326 የገጠር መንደሮች፣ ወደ 34,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ይህ ተሞክሯል። ሥልጠና የወሰዱ የመንደር ጤና ሠራተኞች፣ በሐኪም እየታገዙ፣ ግፊት ለኩ፣ መድኃኒት ጀመሩ፣ መጠኑንም አስተካከሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ውጤት መሠረት ስትሮክ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ኢትዮጵያ ደግሞ እንዲህ ያለ ሠራተኛ አላጣችም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከ20 ዓመት በላይ በየቀበሌው ክትባትና ወሊድ ሲከታተሉ ኖረዋል። የእናቶችን ካርድ በሥርዓት የያዘ ጤና ኬላ የግፊት ካርድ መያዝ አያቅተውም።

እርግጥ ግፊት አስቸጋሪ ነው፤ አያምም። ሰው ራሱን እስኪያዞረው ይጠብቃል፣ ደህና ሲሆን ደግሞ ኪኒኑን ይተዋል። ስለዚህ ካርዱን ይዞ ቀጠሮ ያሳለፈውን የሚጠይቅ፣ የሰፈሩን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አሶሳ ያለ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ቢተጋ፣ ኩርሙክ ላይ ቀጠሮ የቀረን በርታኛ ተናጋሪ ሽማግሌ ቤት ድረስ ሄዶ ሊጠይቅ አይችልም።

ጨውም አለ። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። የእኛ ጨው በአብዛኛው የሚገባው በበርበሬው፣ በሽሮውና በወጡ ስለሆነ ቁልፉ ያለው በየቤቱ ማጀት ነው።

ኩርሙክ ላይ ሌላም ሸክም አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳኑን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚህች ከተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። የዕለት ኪኒኑን ጥሎ የወጣ የግፊት ሕመምተኛ ቁስል ስለማይታይበት በሰልፍ መካከል በቀላሉ ይታለፋል። ወባ ሲመረመር ክንዱም ቢለካ ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

የክልሉ ጤና ቢሮ ለእያንዳንዱ ጤና ኬላ ባትሪው የማይጎድል መለኪያና የሦስት ወር የመድኃኒት ክምችት ይመድብ። ሥራውንም በገበያ ቀንና ወርቅ በሚቆፈርበት ቦታ ያስጀምር፤ ቢሮ ቁጭ ብለው ቢጠብቋቸው የማይመጡት ወንዶች ያሉት እዚያ ነው። ዕድሜው ከ30 ያለፈ አንባቢም፣ ኩርሙክም ይኑር አዲስ አበባ፣ ግፊቱ ስንት እንደሆነ ካላወቀ በዚህ ሳምንት ይለካ።