ሕፃናት ከሥዕል ፊልም ስለሚያገኙት ትምህርት

ሕፃን ልጅ ከሰማው ይልቅ ያየውን አጥብቆ እንደሚይዝ የታወቀ ነው። ስለዚህ በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ ከተሞች ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት፥ ካርቱን የሚባለው የሥዕል ፊልም እንደ ጨዋታ ብቻ ሊቈጠር አይገባውም፤ እርሱም መምህር ነውና።

ነገር ግን ይህ መምህር ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም። በ1986 ዓ. ም. የወጣው «ላየን ኪንግ» የተባለው ፊልም አንበሳ ሲሞት አፈርና ሣር እንደሚሆን፥ ሣሩንም ድኵላ መልሶ እንደሚበላው በመልካም አኳኋን ያስረዳል። ጅብን ግን ሆዳምና ተንኰለኛ አድርጎ ሥሎታል። በዱር የሚኖረው ዥንጉርጉር ጅብ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚያገኝ ነው፤ በከተማ ዳርም ጥንቡን ያነሣል። ይህን የሚነግረው ያጣ ልጅ ፍጥረትን ሳያውቅ መጥላትን ይማራል።

በ1934 ዓ. ም. የወጣውን «ባምቢ»ን የሠሩት ሠዓሊዎች እንኳ ሕያዋን የአጋዘን ግልገሎችን ወደ ሥራ ቤታቸው አስመጥተው እየተመለከቱ ነበር የሣሉት። ሠዓሊውን ሕያው ፍጥረት ማየት ካስፈለገው፥ ተማሪውን እንዴት አያስፈልገው?

ለምዕራብ ሸዋ ልጆች ስፍራው ሩቅ አይደለም። በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭሊሞ ደን ጉሬዛው ከጥዱ ወደ ዝግባው ሲዘል ይታያል፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ቅጥር ጥዱና ወይራው ቆሞአል። እንግዲህ የትምህርት ሹማምንት ልጆቹ ፊልሙን ካዩ በኋላ ወደ ደኑ የሚሄዱበትን ቀን ቢወስኑ፥ ካህናትም በቅጥራቸው ያሉትን ዛፎች ስምና ጥቅም ቢያስተምሩ፥ ትምህርቱ የተሟላ ይሆናል። ልጅ ሳለ ያላወቀውን ደን፥ አድጎ ሲቈረጥ ቢያይ የሚከለክል ሰው አይገኝምና።