ቅልን ለጌጥም ቢሆን እንትከል

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሰኮሩና በአካባቢዋ፣ እንደ ብዙው የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ቅል ለዘመናት የቤት ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ወተት ተንጦበታል፣ ውኃ ተቀድቶበታል፣ እህል ተሰፍሮበታል። ዛሬ ግን አብዛኛውን ሥራውን ፕላስቲክ ወስዶታል። «ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይባላል፤ አሁን ግን ቅልን ጊዜ የነሣው ይመስላል።

ጀሪካን በቀላሉ አይሰበርም፤ ስለዚህ እናቶቻችንን «ወደ ቅል ተመለሱ» ብለን አንፈርድባቸውም። የእኛ አስተያየት ሌላ ነው፤ ዕቃነቱ ቢቀር እንኳ ለጌጥ ብለን በጓሯችን እንትከለው። ቅል ዓመታዊ ሐረግ በመሆኑ ዘሩ ሳይታደስ ከቆየ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ያን ጊዜ አንገተ ረጅሙም ድቡልቡሉም አብሮ ይጠፋል።

ቅል ዝናብ ሲጀምር አጥር ሥር ይዘራል። ነጭ አበባው የሚፈካው ሲመሽ ነው። ወንዴውና ሴቴው አበባ በአንድ ሐረግ ላይ ለየብቻ ይወጣሉ፤ የሌሊት የእሳት እራቶችም ብናኙን ያዛምታሉ። ስለሆነም ሁለት ዓይነት ቅል ጎን ለጎን ቢተከል ይዳቀልና የሚቀጥለው ዓመት ፍሬ ሌላ መልክ ይዞ ሊወጣ ይችላል። አንዱን ቅርጽ ማቆየት የፈለገ ሁለቱንም አበቦች ከመፍካታቸው በፊት በስስ ጨርቅ ሸፍኖ ራሱ ያዳቅላቸው፤ ሴቴዋንም መልሶ ይሸፍናት። መራራውን ሥጋ ግን ማንም አይቅመስ፤ ይመርዛል።

ለፊዚክስ ተማሪ ደግሞ ቅል ያለ ወጪ የተገኘ ቤተ ሙከራ ነው። የእርጥብ ቅል ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው። ጥላ ውስጥ ሰቅሎ በየሳምንቱ መመዘንና ውጤቱን በግራፍ ማሳየት ይቻላል። ድርቀቱን የሚወስነው ውኃው በልጣጩ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ከሆነ፣ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ልጣጭ አራት እጥፍ ያህል ጊዜ ይወስዳል። እውነት መሆኑን ሚዛኑ ይናገር። ዘሩ ውስጡ ሲንኳኳ ቅሉ ደርቋል ማለት ነው።

የደረቀ ቅል አየር ስለሚይዝ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ ጥንታዊዎቹ የአሜሪካ ቅሎች ከአፍሪካ ተነሥተው አትላንቲክን በመንሳፈፍ ሳይሻገሩ እንዳልቀሩ አመልክቷል። ውቅያኖስ ያልበገረው ዘር በእኛ ቸልተኝነት ጓሮ ውስጥ ሊቀር አይገባም።

ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ከአያቶቻችሁ ዘሩን ጠይቁ፤ የቅሉን ቅርጽ፣ ስሙንና የመጣበትንም መንደር ጻፉበት።