ስለ ቡችላ አስተዳደግና ስለ ማደሪያ ሣጥኑ

ቡችላን ያለ ጊዜው ከእናቱ የሚለይ ሰው የሚጎዳው ቡችላውን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም ጎረቤቱንም ነው። ይህ ነገር ለውሻ ሁሉ እውነት ቢሆንም፥ ይልቁንም አድጎ የሰው ያህል ለሚመዝን ለትልቅ ዘር ውሻ እውነት ነው።

ከዚህ ዘር መካከል ስሙ በዓለም የታወቀው የቅዱስ በርናርድ ውሻ ነው። በስዊስ አገር፥ ከኢጣልያ ድንበር አጠገብ፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,469 ሜትር ከፍ ባለ የአልፕስ ተራራ መተላለፊያ ላይ፥ የመነኮሳት የእንግዳ ማረፊያ አለ። መነኮሳቱ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በዚያ ትልልቅ ውሾች ያረቡ ነበር፤ ውሾቹም በበረዶ የተቀበረውን መንገደኛ በማሽተት ይፈልጉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ባሪ የተባለው፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1800 እስከ 1814 ዓ.ም. የኖረው፥ ከ40 የሚበልጡ ሰዎችን አዳነ ይባላል፤ አካሉም ተጠብቆ በበርን ከተማ ቤተ መዘክር እስከ ዛሬ ይታያል። ልጆች ባሪን ያደንቃሉ፤ ማድነቃቸውም ይገባል። ነገር ግን ባሪም ቢሆን በተወለደ ጊዜ ዓይኑ ያልተገለጠ፥ ጆሮውም የማይሰማ፥ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ቡችላ ነበረ።

የቡችላ ዓይን የሚገለጠው ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ በሦስተኛውም ሳምንት መስማትና የወተት ጥርስ ማብቀል ይጀምራል። በአራተኛው ሳምንት ሲንገዳገድ የሚያየው ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመው ሊወስደውም ይቸኩላል። ክፉው ችኮላ ይህ ነው። ቡችላው እናቱንና ወንድሞቹን የሚፈልገው ለወተት ብቻ አይደለምና። በጨዋታ መካከል ወንድሙን አጥብቆ ቢነክሰው፥ የተነከሰው ይጮኻል፥ ጨዋታውንም ትቶ ይሄዳል፤ እናቱን ቢነክሳት ትቆጣዋለች። በዚህም አኳኋን ጥርሱን መግታት ይማራል። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው የተወሰደ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ ይቀራል። የ4 ኪሎ ቡችላ ንክሻ ያስቃል፤ የ60 ኪሎ ውሻ ንክሻ ግን ሐኪም ቤት ያደርሳል። ያን ጊዜ ውሻው ክፉ ነው ተብሎ ይገደላል። ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስምንት ሳምንት ሞልቶት ወደ አዲስ ቤት የገባ ቡችላ የሚተኛበት ሣጥን ያስፈልገዋል። አንዳንዶች ሣጥን ወኅኒ ቤት ነው ይላሉ። ቃላቸው ከንቱ አይደለም፤ ቡችላን ከጧት እስከ ማታ ዘግቶበት የሚሄድ ሰው በእውነት አስሮታል። ሆኖም ጥፋቱ የሣጥኑ ሳይሆን የሰውየው ነው። ውሻ በተፈጥሮው ጠበብ ባለና በተከለለ ስፍራ መተኛትን ይወዳል፤ የተኛበትንም ስፍራ ማርከስ አይወድም። ስለዚህ ሣጥኑ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት ብቻ የሚበቃ ሊሆን ይገባል። እጅግ ሰፊ የሆነ እንደ ሆነ፥ ቡችላው በአንዱ ማዕዘን ሸንቶ በሌላው ይተኛል። ትልቅ ዘር ፈጥኖ ያድጋልና፥ ብልህ ሰው አስቀድሞ ትልቅ ሣጥን ያሠራል፤ በመካከሉም ሳንቃ ጋርዶ ቡችላው ባደገ ቁጥር ሳንቃውን ወደ ኋላ ይገፋዋል።

በግድ ጎትቶ ማስገባት ግን ሁሉን ያበላሻል። በመጀመሪያ በሩ ክፍት ይሁን፤ ቍራጭ ሥጋ ወደ ውስጥ ይጣልለት፤ ምግቡንም በዚያ ይብላ። ሲበላ በሩ ለጥቂት ጊዜ ይዘጋ፤ በልቶ ሳይጨርስም ይከፈት። በማግስቱ ጥቂት ይጨመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ ነው። በሌሊት ሣጥኑ ሰው ከሚተኛበት አጠገብ ይሁን፤ ከእናቱ ገና የተለየ ነውና ብቻውን ይፈራል። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ሌሊቱን ሁሉ መያዝ አይችልም፤ ሲያለቃቅስ ያለ ጨዋታ ወደ ውጭ ወስዶ መመለስ ያስፈልጋል። በቀንም ሲነቃ፥ ሲበላና ሲጫወት ወዲያው ይውጣ። ቤት ውስጥ ቢሸና አፍንጫውን በሽንቱ ማሸት የሰነፍ ሰው ሥራ ነው፤ ቡችላው የሚማረው የጌታውን እጅ መፍራት ብቻ ነው። ሣጥኑም ከቶ የቅጣት ስፍራ አይሁን።

ውሻ ጨካኝ ዘበኛ እንዲሆን ከቡችላነቱ ጀምሮ በሰንሰለት ማሰር ይገባል የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። እስከ ሦስት ወር ዕድሜው ያላየው ነገር ሁሉ ኋላ ያስፈራዋል፤ በፍርሃት የሚናከስ ውሻም ሌባውን ከቤቱ ልጅ አይለይም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሕፃናትን፥ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌን፥ ጃንጥላ የያዘን ሰው፥ በጎችንና መኪናን በሰላም ይይ። ክትባቱን ሳይጨርስ ግን የማይታወቅ ውሻ በሚመላለስበት ስፍራ በምድር አይለቀቅ፤ ታቅፎ ይይ። ሉዊ ፓስተር በ1885 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር እብድ ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ካከመ ወዲህ የዚህ በሽታ መከላከያ ታውቋል፤ ቡችላም ሦስት ወር ሲሆነው ሊከተብ ይገባዋል።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር አለ። ትልቅ ዘር ቡችላን ቶሎ ይደግ ብሎ ማወፈር አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ይጎዳል። አጥንቱ እስኪጠና አንድ ዓመት ተኩል ያህል ይፈጃልና፥ እስከዚያ ድረስ ደረጃ ለደረጃ ማሯሯጥና ከከፍታ ማዘለል አይገባም። ገና ቡችላ ሳለ ምግቡ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠው።

አድጎ ሲታመን የሣጥኑ በር ይወልቅ። ብዙ ጊዜ ግን ውሻው በሩ ከወለቀ በኋላም፥ ቤቱ ሁሉ ክፍት ሆኖለት ሳለ፥ ወደዚያው ገብቶ ይተኛል።